የዳገቱ ሰፈር ቅጾች

እናቴ ሰዎቿን የሸጠቻቸው እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። «ሸጠቻቸው» የሚለው ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ቃል ነው። ለማንም ትንፍሽ ሳልል ለዓመታት ሆዴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አሁን እሷ ሰባን ልትደፍን ጥቂት ቀርቷታል፣ እኔም ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ቃሉ ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ሆኜ እንኳ አፍራለሁ።

እማዬ በዚያ የምርጫ ዘመቻ የምሥራቁን ቀጠና የቤት ለቤት ቅስቀሳ ትመራ ነበር። ሥራው በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው፦ አስራ አራት ሰው፣ ስድስት ሰፈር፣ አስራ አንድ ሺህ በር። ማን የትኛውን መንገድ እንደሚያንኳኳ ትመድባለች፣ ሲመለሱ የየቤቱ አድራሻና መልስ የሚሰፍርባቸውን ቅጾች ትሰበስባለች፣ ቁጥሩን ለዘመቻው ማዕከል በስልክ ትናገራለች። በተግባር ግን ሥራዋ ፊት የተነሱ ሰዎችን ማባበል ነበር። አንዱ ውሻ ለቀቁብኝ እያለ ይመጣል፤ ሌላዋ መንገዱን ሙሉ ዞሬ አንድ በር ብቻ ተከፈተልኝ ብላ ጫማዋን ወለሉ ላይ ትወረውራለች። እማዬ ሁሉንም ታዳምጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ «ነገ የተሻለ መንገድ አለሽ» ትላለች። ሁሉም ሲሄዱ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ትቀመጣለች። እኔ እንቅልፍ የወሰዳት ይመስለኝ ነበር።

ቢሮው የተዘጋ ጫማ ቤት ነው። ባለቤቱ ሲለቅ መደርደሪያዎቹን ትቶ ስለሄደ የእያንዳንዱ ሰው ክላሴር የሚቀመጠው የጫማ ቁጥር በተለጠፈበት ክፍተት ውስጥ ነበር፤ እዚያ ቤት ሰው የሚታወቀው በቁጥሩ ነው። ቆዳና ሙጫ ሙጫ የሚለው ሽታ ዘመቻው እስኪያልቅ አልለቀቀም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደንበኞች ጫማ ይሞክሩበት የነበረው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ፊት ለፊቴ ከጉልበት በታች ብቻ የሚያሳይ ዝቅ ያለ መስታወት ስለነበረ የቡድኑን ሰዎች ከመልካቸው ይልቅ በእግራቸው ነበር የምለያቸው። ማን እንደደከመው፣ ማን እንደተናደደ ከአረማመዱ አውቅ ነበር።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ አለ። አረንጓዴ ነጥብ የኛ ደጋፊ ቤት ነው፣ ቀይ የእነሱ፣ ቢጫ ገና ያልወሰነ። እማዬ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ካርታው ፊት ታቆመውና ያንኑ ትደግማለች፦ «አረንጓዴ በር ላይ የሚውል ቀስቃሽ ሽርሽር ላይ ነው። ሥራችን ያለው ቢጫው ጋ ነው።» ደንቡን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሌ ይዤው ነበር። ቢጫው ደግሞ የሚበዛው ዳገቱ ሰፈር ነው፤ ቤቶቹ አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ የታዘሉ የሚመስሉበት፣ መኪና የማይገባው ሰፈር። መቶ ሠላሳ ደረጃ አለው ይባል ነበር። ቆጥሬው አላውቅም።

ከሁሉም የምወደው ልብስ ሰፊውን ነበር። ስልሳን ያለፉ፣ ዝምተኛ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሰው ናቸው። የስፌት ሱቃቸውን ለልጃቸው ካስረከቡ በኋላ «ቤት ተቀምጬ ከምዝግ» ብለው ነው ወደ ቅስቀሳው የመጡት። በር ሲከፈትላቸው ስለ እጩው አያወሩም፤ የሰውየውን ሸሚዝ ነው የሚያዩት። «ይቺ ቁልፍ ልትወድቅ እኮ ነው፣ አንድ አፍታ ይቁሙልኝ» ይሉና ከደረት ኪሳቸው መርፌና ክር ያወጣሉ። ደረቱ ላይ መርፌ የሚመላለስበት ሰው በር ዘግቶ አይገባም፤ ቁልፉ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ቆሞ ያዳምጣል። ራዲዮ «ጋሼ ድምፅ የሚሰበስቡት በማስፈራራት ነው!» እያለች ታስቀን ነበር። ራዲዮ የምንላት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት የለም።

ስልኩ የተደወለው ምርጫው ሃያ ቀን ሲቀረው ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሁሉም በየመንገዳቸው ተበትነው ቢሮው ውስጥ የቀረነው እኔና እማዬ ብቻ ነን። እኔ ክፍልፋይ እየሠራሁ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ነበር።

«እሺ» አለች። ከዚያ ብዙ አዳመጠች። «ሚኒባሱንስ?» የስልኩን ገመድ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «ሰዎቼንስ ምን ልበላቸው?»

የሚያወራው ሰው ረጅም ነገር አወራ። ድምፁ እንደ ዝንብ ጥዝ ይላል እንጂ ቃሉ አይለይም።

«ገባኝ» አለች እማዬ። «አይ፣ ገባኝ አልኩ እኮ። ለማንም አልናገርም።»

ስልኩን አስቀምጣ ካርታው ፊት ሄዳ ቆመች። በመስታወቱ ውስጥ እግሯ ታየኝ፤ አንዱን ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሲሚንቶው ላይ ቆማለች። «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ምንም አልሆንኩም። ክፍልፋይሽን ጨርሺ።»

ከሁለት ቀን በኋላ ከማዕከል አንድ ባለ ቦርሳ ሰውዬ መጣ። ሚኒባሳችንንና ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች ወሰደ። ለእኔ ከረሜላ ሰጠኝ። ሲወጣ የእማዬን ትከሻ መታ መታ አደረገና «ጠንካራ ሴት ነሽ፤ ለዚህ ነው ለአንቺ የነገርንሽ» አላት።  እኔ ከረሜላዬን እየመጠጥኩ ነገሩን አንድ ላይ ገጣጠምኩት፦ ስልክ፣ ምስጢር፣ ቦርሳ የያዘ ሰው፣ ከቢሯችን የሚወጣ ዕቃ። በኔ አእምሮ ይህ ሽያጭ ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ነገሩ ምን እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ማዕከሉ ደምሮ ቀንሶ በምሥራቁ ቀጠና ላይ ተስፋ ቆርጧል። ያለውን ሁሉ ሊያሸንፍ ወደሚችልበት ቀጠና ማዞር ፈለገ። ቡድኑ ግን ከመንገድ እንዲጠፋ አልፈለገም፤ የኛ ሰዎች ማንኳኳት ካቆሙ ተፎካካሪዎቻችንም ሰዎቻቸውን ሰብስበው በዚያኛው ቀጠና ይዘምቱብናል። ስለዚህ አስራ አራቱም ላበቃለት ነገር እስከ መጨረሻው ቀን እንዲኳትኑ፣ ይህንንም እንዳያውቁ፣ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። እማዬም እሺ አለች። ለምን እሺ እንዳለች ብዙ አስቤበታለሁ። በእጩው ታምን ነበር፤ ለሁሉም ይበጃል ብላም ይሆናል። እኔም ዛሬ ሰው የማስተዳድርበት ሥራ ላይ ነኝ። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ የሚከብደው በማግሥቱ ሰዎቹ ሲመጡ ዓይናቸውን ማየት ነው።

ከዚያ በኋላ ምድቡን ቀየረችው። የዳገቱን ሰፈር ቅጾች ከየክላሴሩ አውጥታ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። በምትካቸው አረንጓዴ በሮችን አከፋፈለች። ሰዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ያንኳኳቸው፣ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው «ግቡ፣ ግቡ» የሚሉ ቤቶች። ቡድኑ እየሳቀ ይመለስ ጀመር። ዛሬ አራት ቤት ወንበር ሰጡኝ የሚል አለ፣ አንዲት ባልቴት መርቃኝ ሸኘችኝ የሚል አለ። ጫማ መወርወር ቀረ። ውሻም ያሯሯጠው ሰው ጠፋ። ድሉን ልትሰጣቸው አትችልም፣ እውነቱን እንዳትሰጣቸው ታዛለች፤ በእጇ የቀራት የሚከፈት በር ብቻ ነበር። ይህን ለማየት ትልቅ ሰው መሆን ነበረብኝ። ያኔ ያየሁት ግን የገዛ ደንቧን ዓይኗን በጨው አጥባ ስትጥስ ነው።

አንድ ዓርብ ራዲዮ ክላሴሯን ገልጣ «እትዬ፣ ደግሞ አረንጓዴ? ለእነዚያ ነው እንዴ የምትሠሪው?» ብላ ተንከተከተች። ቀልድ ነበር። ሁሉም ሳቀ፣ እማዬም ጥርሷን አሳየች። እኔ አልሳቅኩም። እናቴን ሌላ ሰው ጠርጥሯታል ማለት ነው፣ አልተሳሳትኩም አልኩ በልቤ።  እወዳታለሁ፤ ስለምወዳትም ካደረገችው ነገር ላወጣት ቆረጥኩ።

ያን ቀን እማዬ ጎረቤት ካለው የፎቶ ኮፒ ቤት እስክትመለስ መሳቢያውን ከፈትኩ። የዳገቱን ቅጾች አወጣሁ። ወደ ቁጥር አርባ አንድ ሄድኩ፣ የጋሼ ክላሴር ናት። ውስጧ የነበሩትን አረንጓዴ ቅጾች መሳቢያው ውስጥ ጣልኩና በእነሱ ቦታ ቢጫዎቹን አስገባሁ። ጋሼን የመረጥኩት የማንም በር ለእሳቸው ስለማይዘጋ ነው። ጉልበታቸውን አላሰብኩም። ሲቀመጡና ሲነሱ በእጃቸው ደግፈው እንደሚይዙት በዚያ መስታወት በየቀኑ እያየሁ፣ አላሰብኩትም።

ቅዳሜ ሁሉም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። ጋሼ የሉም። አስር ሰዓት ሆነ። እማዬ ሁለት ጊዜ በር ላይ ወጥታ መንገዱን አየች። «ጋሼ ለመሆኑ የዛሬ ምድባቸው እዚህ ታች አይደል እንዴ?» አለች ለራሷ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሄዱ። አስር ተኩል ላይ በመስታወቱ ውስጥ የማውቀው ጥቁር ጫማ አቧራ ለብሶ ገባ፤ አንዱ እግር ሌላውን እየጠበቀ። መጥተው አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ክላሴሩን ለእማዬ ዘረጉላት።

ከፈተችው። የመጀመሪያውን ቅጽ አየች፣ ሁለተኛውን ገለጠች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ደብተሬ ላይ ተደፋሁ።

«አለቃዬ» አሉ ጋሼ፣ «አንድ አፍታ እዚያ ውስጥ ግቢልኝ።»

ከመጋረጃው ጀርባ የጫማ ካርቶኖች ይከመሩባት የነበረች ጠባብ ክፍል አለች። ተያይዘው ገቡ። እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ጆሮዬን ጣልኩ። የጋሼ ድምፅ ሁልጊዜም ዝቅ ያለ ስለሆነ የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው፦ «...ቁልፏን እየሰፋሁላት... ባሏ ማተሚያ ቤት... የኛ ብቻ ተሰርዟል... አስር ቀን አለፈው...» ስለ በራሪ ወረቀት መሰለኝ። በራሪ ወረቀት ሁልጊዜ ያልቅብን ነበር።

ከዚያ ጥያቄውን ጥርት አድርጌ ሰማሁት። «እነዚህን ቅጾች አንቺ ነሽ ክላሴሬ ውስጥ የከተትሻቸው?»

  ውጪ አንድ መኪና ቆመ፣ ሰው ወረደ፣ በሩን ዘጋ።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ጋሼ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ገባኝ አልኩ። ጋሼ አረንጓዴ በር ሰልችቷቸው ኖሮ እውነተኛ ሥራ ስላገኙ ነው ያመሰገኑት። እማዬ የኔን ሥራ የራሷ ማድረጓ ትንሽ ቆጨኝ፤ ቢሆንም ይቅር አልኳት። ዘመቻውን አድኜዋለሁ ብዬ ስለማምን ቸር መሆን አላቃተኝም።  እራት ላይ፣ ሳታየኝ፣ «ከሰኞ ጀምሮ መሳቢያው ይቆለፋል» አለች።

ቀሪዎቹ ስምንት ቀናት ከቀድሞው ይለዩ ነበር። ጋሼ ከሁሉም ቀድመው ይመጣሉ። የእማዬ ጠረጴዛ ፊት ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዴ የኮቷን ገበር ይጠግኑላታል፣ አንዳንዴ እንዲሁ ይቀመጣሉ። ብዙም አያወሩም። ምድብ ሲወጣ «ዳገቱን ለእኔ» ይላሉ። እማዬ «ጋሼ፣ እግርዎስ?» ስትል «ሁሉም ሜዳ ላይ ከዋለ ልጆቹ ይነቁብናል» ብለው ሲስቁ ሰማሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፤ እማዬ ግን አብራቸው ሳቀች፣ ከብዙ ቀን በኋላ ድምፅ አውጥታ። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ መድፋት ተወች። ምሳዋን መብላት ጀመረች። ይህ ሁሉ የኔ ሥራ ውጤት መሰለኝ። ጋሼ ደረጃው እየጠናባቸው ሦስተኛው ቀን ላይ ምርኩዝ ይዘው መጡ፣ እኔም ምርኩዙን እየተቀበልኩ ጥግ አስቀምጥላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አይቻቸው አላውቅም።

ተሸነፍን። ለትንሽም አይደለም፣ ከሦስት ሰው ሁለቱ እነሱን ነው የመረጠው። ውጤቱ በሬዲዮ ሲነገር ሁሉም ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ራዲዮ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። «እኔ ያየሁት ሰው ሁሉ የኛ ነበር! ሁሉም በር እኮ ከፍቶልናል!» ትላለች። እማዬ ከጠረጴዛው ተነሳች። «እናንተ ያጎደላችሁት ነገር የለም» አለች። ሌላ ነገር ልትጨምር አፏን ከፈተች፣ ጋሼን አየቻቸው፣ ዘጋችው። እኔ ለሦስት ቀን አኮረፍኳት። ቅጾቹን ቀድማ ባትደብቃቸው ኖሮ እናሸንፍ ነበር ብዬ ነው። ያንን ኩርፊያ ዛሬ መልሼ መውሰድ ብችል ሌላ ምንም አልመኝም ነበር። ደክሟት እያደረች፣ አንድ ልጇ እንኳ ቀና ብላ አላየቻትም።

ጋሼ ባለፈው ዓመት አረፉ። ዘጠና አልፏቸው ነበር። ቀብሩ ላይ ራዲዮን አገኘናት፤ ወፍራለች፣ ልጆች ድራለች፣ አሁንም የሚዘጋት የለም። እማዬን አቅፋ አለቀሰችና «እትዬ፣ ከዚያ ዘመቻ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም እኮ» አለቻት። «ሰው ሁሉ ይወደን ነበር።» እማዬ ጀርባዋን ስትደባብሳት ቆየች።

ስንመለስ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። እማዬ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል። ምናልባት ፊት ለፊት ስላልተያየን ይሆናል፣ ነገሩ ሳላስበው አፌ ላይ መጣ።

«እማዬ፣ የዳገቱን ቅጾች ጋሼ ክላሴር ውስጥ የከተትኳቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ እግሯን ማሻሸቷን ሳታቆም። «ያን ቀን ከደብተርሽ ቀና አላልሽም። ክፍልፋይ እንደዚያ ወደሽ አታውቂም።»

ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን አልቆየም። «ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

«ምን ልበላቸው? መቶ ሠላሳ ደረጃ የወጡት በልጅ ሥራ ነው ልበላቸው? እግራቸው አብጦ እኮ ነው የመጡት።» ሌላኛውን እግሯን ማሸት ጀመረች። «ደግሞ አንቺንም እንዲቀየሙብኝ አልፈለግኩም።»

«አመሰገኑሽ እኮ። ሰምቻለሁ። ቢጫ በር ስለሰጠሻቸው ነበር የመሰለኝ።»

«ለቢጫ በር ማን ያመሰግናል፣ ልጄ?» ራሷን ወደ ወንበሩ መለስ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። «ዳገቱ ላይ አንዲት ባሏ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ሴትዮ፣ የኛ ቀጠና የበራሪ ወረቀት ትእዛዝ መሰረዙን ነገረቻቸው። ማዕከሉ እንደተወን ወዲያው ገባቸው። እኔ ደግሞ አስቤ የላክኋቸው መሰላቸው። በአፏ እንዳትናገር ተከልክላ፣ በእግሬ ሄጄ እንድሰማው ነው ወደዚያ የመደበችኝ ብለው። ‹ከአስራ አራት ሰው እኔን መርጠሽ ነገርሽኝ፤ በይ ብቻሽን አትሸከሚው› አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ስምንቱንም ቀን አብረውኝ ተሸከሙት። እሳቸው ባይኖሩ አልጨርሰውም ነበር።»

እፎይ ልል ምንም አልቀረኝም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆዴ ውስጥ የነበረው ነገር በደግ ሊያልቅ ነው አልኩ። «እንግዲያው ጥሩ ሆነ ማለት ነው» አልኳት።

እማዬ ዓይኗን ከፍታ ከፊታችን የቆሙትን መኪኖች አየች።

«ባገኙኝ ቁጥር ‹ያኔ አምነሽኝ› ይሉኝ ነበር። ሰው ፊት ሁሉ ይናገሩታል፤ ይኮሩበት ነበር። እኔም እሺ እላለሁ» አለች። «አመነችኝ ብለው ሞቱ። እኔ እኮ ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዱንም አላመንኩም ነበር።»